ሲሮጡ የታጠቁት

በዚህ እትም የምናወጋችሁ ከአውራ ጣት ስለማትበልጥ አንዲት የነሐስ ቫልቭ ነው። እኛን ሦስት ጓደኛሞች የስድስት ወር ግማሽ ደመወዝ አስከፍላናለች፤ ከዚያ የባሰም ልታስከፍለን ነበር። እዚህ ካኩማ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን የመኪና ጥገና እንዲማሩ ስለሚልኩ፣ እኛ በገንዘባችን የተማርነውን እነሱ በነፃ ይማሩት ብለን ነው።

ወደዚህ ካምፕ ከመምጣታችን በፊት የኖርነው በኬንያዋ ሞያሌ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሲቪሎች በወታደር ጥይት ሲገደሉ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ድንበሩን ተሻገረ፤ እኛም አብረን ተሻገርን። ሞያሌን የኖረባት ያውቃታል። ስሟ አንድ ነው፤ ግን በዚያ ማዶ መኪና በቀኝ ይነዳል፣ በዚህ ማዶ በግራ። ገበያው ላይ አማርኛም ኦሮምኛም ስዋሂሊም ይሰማል። እኛም አማርኛ የሚችል አንድ ደግ ባለ ጋራዥ አግኝተን፣ ምሳችንን እየበላን መሥራት ጀመርን።

ከሞያሌ በማርሳቢት አድርጎ ኢሲዮሎ የሚወርደው መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ ኮረኮንች ስለነበር የሾፌሩ ሐሳብ ሁሉ የመኪናው ሞላ እንዳይሰበር ነበር። አስፋልቱ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ከገባ በኋላ ግን ወሬው ተለወጠ። «ትችላለች ወይ?» የነበረው «ስንት ትሮጣለች?» ሆነ።

አንድ ቀን ከሞያሌ ማርሳቢት ሰው የሚያመላልስ አንድ የምናከብረው ሰው ላንድ ክሩዘሩን ይዞ መጣ። ከፋብሪካ ቱርቦ ይዞ የወጣ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። ናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድ፣ የመለዋወጫ ሱቆቹ ሰፈር፣ የገዛትን ቫልቭ ከኪሱ አወጣ። «ልጆች፣ ይቺን ግጠሙልኝ። ጉልበት ትጨምራለች አሉኝ» አለን።

ከሦስታችን አንዳችንም ገጥመን አናውቅም። «እሺ ጋሼ» አልነው። «አናውቀውም» ማለት ለስደተኛ መካኒክ ከባድ ቃል ነው። ዛሬ አላውቅም ያለ ነገ የማይጠራ ይመስለዋል።

ቱርቦ ማለት የቀጥቃጭ ወናፍ በሉት። ልዩነቱ ይህን ወናፍ የሚነፋው ሰው ሳይሆን ሞተሩ ራሱ የሚያስወጣው ጭስ መሆኑ ነው። ጭሱ አንዱን መዘውር ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሌላው መዘውር ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ናፍጣ ማቃጠል ይቻላል፣ ጉልበቱም ይጨምራል። ነገር ግን ወናፉ ከልክ በላይ እንዳይነፋ ፋብሪካው አንዲት ማስተንፈሻ በር ሠርቶለታል። ዌስትጌት ይሏታል። በሯን የምትከፍተው ሞላ ያለባት ትንሽ ጣሳ ናት። ከቱርቦው በቀጭን ጎማ ቱቦ ግፊት ይመጣላታል፤ ግፊቱ ልክ ሲደርስ ሞላውን አሸንፋ በሯን ትከፍታለች፣ የተረፈውም ጭስ መዘውሩን ሳይነካ በጎን ይወጣል።

ያቺ የነሐስ ቫልቭ የምትገባው እዚያ ቀጭን ቱቦ መሐል ነው። እሷ ራሷ ግፊት አትፈጥርም። ሥራዋ መዋሸት ነው። ከሚመጣው አየር ጥቂቱን በጎን ታፈስና ለጣሳዋ «ገና ነው፣ ልክ አልደረሰም» ትላታለች። ጣሳዋም አምና በሯን አዘግይታ ትከፍታለች። በዚህ መሐል ወናፉ ይነፋል።

እኛ ገጠምናት። የግፊት መለኪያ ጌጅ አልነበረንም፤ በጆሮ ለካነው። ለቱቦው ጫፍ የብረት ማጥበቂያ አልነበረንም፤ ከከመነዳሪ ቀጭን ቁራጭ ቆርጠን አሰርነው። አየር ብቻውን ጉልበት ስለማይሆን የናፍጣ ፓምፑንም ብሎን ጥቂት አዞርን። ስንሞክረው መኪናው እንደ ፈረስ ተነሣ። ከኋላ ጥቁር ጭስ ቢያወጣም ሰውየው ሳቀ፣ እኛም አብረን ሳቅን።

በሦስተኛው ቀን ከመካከላችን አንዱ አብሮት ወደ ማርሳቢት ሄደ። አሥራ አንድ ሰው ተጭኗል። ከመሐላቸው ልጇን ሐኪም ቤት የምትወስድ አራስ ነበረች። ቱርቢን አልፈው ዲዳ ጋልጋሉ ሜዳ ገቡ። ያን ሜዳ ያየ አይረሳውም፤ ጥቁር ድንጋይና ፀሐይ ነው፣ ጥላ የሚሆን ዛፍ የለም። እዚያ የቱርቦው ፉጨት ከወትሮው እየቀጠነ፣ እየጮኸ ሄደ። ሾፌሩ ጉልበት መስሎት ረገጠው። ብዙም ሳይቆይ የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ላይ ደረሰ፣ ከቦኔቱ ሥር እንፋሎት ወጣ፣ ሞተሩም ቆመ።

ቀትር ነበር። የነበረውን ውኃ ለአራሷ ሰጧት። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ የጭነት መኪና ደርሶ እናትና ልጁን ይዞ ሄደ። ሕፃኑ በሰላም ደረሰ፤ ለዚህ እስከ ዛሬ እናመሰግናለን።

ጓደኛችን ቦኔቱን ሲከፍት መጀመሪያ ያየው የተንጠለጠለውን ቱቦ ነው። ያሰርንበት ጎማ በሙቀት ላልቶ ቱቦው ከጣሳዋ ተነቅሏል። ወጣት መካኒኮች እዚህ ላይ ልብ በሉልን። ያ ቱቦ ሲነቀል ግፊቱ የሚቀንስ ይመስላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ጣሳዋ ምንም ግፊት ካልደረሳት በሯን ፈጽሞ አትከፍትም፤ ወናፉም ያለ ልጓም ይነፋል። እኛ የገጠምነው ሲበላሽ ወደ ደኅናው ሳይሆን ወደ አደጋው የሚበላሽ ነገር ነበር። የቴስታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ፣ ቴስታውም ጠሞ ነበር።

ጓደኛችን ደንግጦ፣ ሰውየው ሳያየው ቱቦውን መልሶ ሰካው። ሰውየውም «አርጅታለች፣ ምን ታድርግ» አለ።

ማታ ሦስታችን ተቀምጠን ተከራከርን። አንዱ «ካወቀ እንባረራለን። ወረቀት የለን፣ ዘመድ የለን፣ የት እንገባለን?» አለ። ሌላው ዝም ብሎ ቆየና «እሺ፣ ዝም አልን እንበል። ቴስታውን ያሠራል፣ ያቺኑ ቫልቭ ይዞ፣ ሌላ አራስ ጭኖ ይሄዳል» አለ። ከዚያ በኋላ የሚከራከር አልተገኘም። ለካ እኛም እንደ ቫልቯ ልንዋሽ ተቀምጠን ኖሯል።

በማግሥቱ ነገርነው። ስለ ቱቦውም፣ መልሰን ስለ መሰካታችንም፣ ከመጀመሪያው ስላለማወቃችንም። ረጅም ጊዜ አላናገረንም። በኋላ «ገንዘቤን ትከፍላላችሁ። ግን የነገራችሁኝ እናንተ ናችሁና መኪናዬን የምትሠሩትም እናንተው ናችሁ» አለን። ስድስት ወር በግማሽ ደመወዝ ሠራን። ቫልቯን አወጣናት፣ የፓምፑንም ብሎን ወደ ቦታው መለስነው። በኋላ ጌጅ ገዝተን ያንኑ ሞተር ብንለካው ፋብሪካው የወሰነለት ከግማሽ ባር ጥቂት አለፍ የሚል ነው። እኛ ስንት እንዳደረስነው ዛሬም አናውቅም፤ ጥፋታችንም ይኸው ነበር።

ቫልቯን ሰይጣን ናት አንልም። የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ጌጅ ይገጥማል፣ የጭሱን ሙቀት ይለካል፣ ቱቦውን በብረት ያጠብቃል፣ በትንሽ በትንሹ እየጨመረ ያያል። ጥቁር ጭስ ሲያይም አይስቅም፤ ናፍጣው ከአየሩ መብለጡን ያውቃል፣ ይመልሳል።

ይህ ነገር ለላንድ ክሩዘር ብቻ አይደለም። እዚህ ካምፕ ውስጥ ጄነሬተሩ ብዙ መብራት እንዲችል የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ሞላ የሚነካኩ ልጆች አይተናል። እባካችሁ፣ ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ነገር ቢላቀቅ ወደየት ይሄዳል? መልሱን ካላወቃችሁት «አላውቀውም» በሉ። እኛ ያን ቃል በጊዜው ብንለው ኖሮ የሚያስከፍለን የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነበር።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ያቺን የከመነዳሪ ቁራጭ ያዩ ይመስል ነው።