ቀናና ጠማማ

ቋንቋችን ጠማማን አይወድም። ደግ ሰው «ቀና» ነው፤ ክፉ ሰው «ጠማማ»። ልጅ ሆነን ዘወትር ከምንሰማቸው ትእዛዞች አንዱም «ቀና በል!» የሚለው ነው። እኔ ይህን ትእዛዝ ልፈጽም ብል እንኳ አካሌ አይፈቅድልኝም። አከርካሪዬ እንደ ወንዝ ወደ ጎን ይታጠፋል። ሐኪሞች «ስኮሊዮሲስ» ይሉታል፤ ስሙም የመጣው «ጠማማ» ከሚል የግሪክ ቃል ነው።

መጀመሪያ ያስተዋለው ልብስ ሰፊ ነበር። በ17 ዓመቴ የደንብ ልብስ ሲለካኝ «ግራ ትከሻህ ወርዷል» አለኝ። ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ በፊልሙ ላይ መስመሮች አስምሮ የጥምዘቱን ማዕዘን ለካ፤ 28 ዲግሪ። በዚህ ስም የሚጠራው ከ10 ዲግሪ ጀምሮ ነው። እናቴ «እኔን!» ብላ አለቀሰች። እኔን ግን ምንም አያመኝም ነበር።

ሕመሙ የመጣው ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ማታ ማታ ጀርባዬን እንደ ፍም ይለበልበኝ ጀመር። ዳግመኛ ራጅ ተነሣሁ፤ ያው 28። «የተለወጠ ነገር የለም፤ ሊያምህ አይገባም» ተባልሁ። ሰው ለሕመሙ ምስክር አምጣ ሲባል ከወዴት ያመጣል? ጀርባዋ እንደ ዘንግ ቀጥ ያለው እህቴስ እንጀራ ጋግራ ስትነሣ ወገቧን ይዛ የምታቃስተው በስንት ዲግሪ ነው?

በአሜሪካ፣ በአዮዋ የሚገኙ ተመራማሪዎች ስኮሊዮሲሳቸው ሳይታከም 50 ዓመት ያህል የኖሩ ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱን አሳትመዋል። ከእነዚህ ሰዎች 61 በመቶው ሥር የሰደደ የጀርባ ሕመም ነበረባቸው፤ ስኮሊዮሲስ ከሌለባቸው ደግሞ 35 በመቶው። ይሁን እንጂ ከታመሙት አብዛኞቹ ሕመማቸው ቀላል ወይም መካከለኛ መሆኑን ተናግረዋል። ስለዚህ ጥምዘትና ሕመም ዘመዳሞች ናቸው፤ ግን አንዱ የሌላው ጥላ አይደለም። የደከመ ጡንቻ፣ ያረጀ መገጣጠሚያ፣ የተጫነ ነርቭ፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት በሕመሙ ውስጥ ድርሻ አላቸው። ራጅ አጥንትን ያሳያል፤ ሕመምን ግን አያሳይም።

ዛሬ በየማለዳው ጀርባ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እሠራለሁ። 28ቱ ዲግሪ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም፤ ሕመሙ ግን ረግቧል።

እናም ወዳጄ፣ ጀርባው የጎበጠ ሰው ስታይ ለማዘን አትቸኩል፤ ምናልባት ምንም አያመው ይሆናል። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው «አመመኝ» ሲልህ ግን እመነው።