የሚሸከምና የሚገታ

ከጐንደር ከተማ ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም የሚያወጣው ዳገት ለእግረኛ እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል። እቴጌ ምንትዋብ በዚያ ከፍታ ላይ ቤተ መንግሥታቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን ሲያሠሩ፣ እንግዳው በእግሩ ወይም በበቅሎ እንጂ በአውቶሞቢል ይመጣል ብለው አላሰቡም። እኔ ግን ባለፈው ዓመት ለኅዳር 6 ቀን በዓል እናቴን በአባቴ አውቶሞቢል ላደርሳት ቃል ገባሁ።

አውቶሞቢሏ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ናት። ይህ ዐይነት በ1959 ዓ.ም. በኢጣሊያ አገር የወጣ፣ ከመሬት ዝቅ ያለ፣ ጣሪያው የሚታጠፍ፣ ለፍጥነት የታሰበ ነው። አባቴ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ መምህር ገዝቷት እስከ ዕለተ ሞቱ ሲወለውላት ኖረ። ለእኔ ስትደርስ አራቱም ሞላዎች ደክመው ሆዷ ድንጋይ ይልስ ነበር።

ያማከርኋቸው መካኒክ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። በጋራዣቸው የሚሰሙት ክሪክ፣ ባሌስትራና ካቻቪቴ የሚባሉት ቃላት፣ በ1934 ዓ.ም. ከተማው ነጻ ሲወጣ ከጠላት ጋር ሳይሄዱ የቀሩ ናቸው። ላዳ በ1962 ዓ.ም. ከፊያት 124 ንድፍ ተወስዳ፣ ለሩስያ ሻካራ መንገድ ተጠናክራ መሠራት የጀመረች ስለ ሆነች፣ እርሳቸው የላዳ ሞላ ፈልገው አገኙልኝ። «ሾክ አብዞርበሩም አርጅቷልና አብረን እንለውጠው» ቢሉኝ፣ ደመወዜን በልቤ አስልቼ፣ «ጋሼ፣ እርሱ ለሌላ ጊዜ ይቆየን፤ ለጊዜው ከፍ ትበልልኝ» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ።

በበዓሉ ቀን ዳገቱን በሰላም ወጣን። ቁልቁለቱን ስንመለስ ግን አውቶሞቢሏ እንደ እንቦሳ ትዘል ጀመር። ፍሬን ብይዝ ጎማው መሬቱን አንዴ እየነካ አንዴ እየለቀቀ አልታዘዝ አለኝ። ከፊቴ ነጭ የለበሰው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል። መሪውን ወደ ዳር አዞርሁና ከድንጋይ ካብ ጋር ተላትመን ቆምን። በእግዚአብሔር ቸርነት ሰው አልተነካም። እናቴ አንዲት ቃል ሳትናገር ወርዳ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እስከ ቤት በእግሯ ሄደች። ከካቡ ይልቅ ያ ዝምታ ሰበረኝ።

በማግስቱ መካኒኩ አልተቈጡኝም። «ጥጓን ተጫናትና ልቀቃት» አሉኝ። ብለቃት አንድ ጊዜ ተነሥታ በመቆም ፈንታ ደጋግማ ተወዛወዘች። «አየህ ልጄ፣ ሞላ ይሸከማል፤ የተቀበለውን ጉልበት ግን መልሶ ይወረውረዋል። የሚገታው ሾክ አብዞርበር ነው። በሆዱ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ዝላዩን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። አንተ ፈረስህን ቀልበህ ልጓሙን ረሳህ» አሉኝ።

አሮጌዎቹ ሲፈቱ ዘይታቸው ፈስሶ አቧራ ለብሰው ነበር። አዲሶቹ የፊቱ በጥንድ፣ የኋላውም በጥንድ ገቡ። ሽማግሌው ግን ላስቲክ ያለባቸውን ብሎኖች አውቶሞቢሏ ከክሪክ ወርዳ በአራት እግሯ እስክትቆም ድረስ አላጠበቋቸውም። ምክንያቱን ብጠይቅ፣ «በአየር ተንጠልጥላ ከታሰረች፣ ክብደቷ ሲያርፍባት ላስቲኩ ይጣመምና ቶሎ ይቀደዳል» አሉኝ።

ይህን ነገር ወደ መሥሪያ ቤቴ ይዤው ገባሁ። በመዝገብ ቤት ሥራ ሲበዛብኝ መሸከሜን እንደ ትልቅ ሙያ እቈጥረው ነበር። ከአለቃ የተቀበልሁትን ግፊት ግን በመስኮቱ በኩል በቆመው ባለጉዳይ ላይ መልሼ ስወረውር ኖሬአለሁ። ለካ መሸከም ብቻውን ሙያ አይደለም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እናቴ፣ ሳልለምናት፣ ቁስቋም አድርሰኝ አለችኝ። ስንመለስ በዚያው ቁልቁለት፣ በዚያው ካብ አጠገብ ቀስ ብለን አለፍን። «ዛሬስ ልብ ተገዝቷል» አለች። ስለ አውቶሞቢሏ ይሁን ስለ እኔ አልጠየቅኋትም።