ስንቅና መርዶ ይዞ ወደ ዝዋይ

የአጎቴ ልጅ ተፈርዶበት ወደ ዝዋይ ከተዛወረ ወዲህ ከቤተሰቡ አይቶት የመጣ ሰው የለም። እናቱን እግሯን ያማታል፣ ወንድሞቹ ከአገር ውጭ ናቸው። ተራው የእኔ ሆነ። እስረኛ ጠይቄ ስለማላውቅ የሰፈራችንን አንዲት እናት ቤታቸው ሄጄ አማከርኳቸው። ልጃቸው እዚያው ነው፤ መንገዱን እንደ ቅዳሜ ገበያ ያውቁታል።

ቡና እያፈሉ ነገሩኝ። «መታወቂያህ ጊዜው ያላለፈበት ይሁን። ስሙን እስከ አያቱ ያዝ፤ በቤት ስሙ ብትጠራው መዝገቡ አያውቀውም። ወጥ በሙቀቱ ይበላሻል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ይሻላል። ዕቃው ውስጡ የሚታይ ይሁን። ስልክህን ቤትህ ተወው።» የወታደር ልብስ የሚመስል ነገር እንዳልለብስም አደራ አሉኝ። የሚገባው ዕቃ፣ የመጠየቂያው ቀንና ሰዓት እንደየማረሚያ ቤቱ ይለያያል። ስለዚህ ማንም አዲስ ጠያቂ ከመነሳቱ በፊት በቅርቡ ሄዶ የተመለሰ ሰው ፈልጎ ቢጠይቅ መንገዱን ከንቱ አያደርገውም።

ያስጨነቀኝ ግን ስንቁ አልነበረም። ሁለታችንንም ያሳደገችን አያታችን በቅርቡ አርፋለች፤ እሱ አልሰማም። መርዶ ወግ አለው። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ የሚይዝና የሚደግፍ ሰው ባለበት ይነገራል። በአጥር ወዲያና ወዲህ ቆሞ፣ ግራ ቀኙ እየጮኸ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንዴት ይነገራል? ነግሬው «ሰዓት አልቋል» ሲባል ብቻውን ጥዬው ልውጣ? እናቱ «አሁን አትንገረው» አለች። የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ አያታችን እንደሚሆን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። «ደህና ናት» ማለት አልፈለግሁም። ታሳሪ ስለ ቤቱ የሚያውቀው ጠያቂው የነገረውን ብቻ ነው፤ አንዴ የዋሸሁት ቀን ከዚያ በኋላ የምነግረው ሁሉ ይጠረጠራል።

እናትየዋ እስክጨርስ ሰሙኝና «እዚያም ሽማግሌ አለ» አሉ። «እኔ ነገ እወርዳለሁ። ለልጄ እነግረዋለሁ፤ አብረውት የሚያድሩት ታላላቆች በወጉ ያረዱታል። አንተ በሳምንቱ ስትሄድ ለቅሶ ልትደርሰው እንጂ ልታረዳው አይሆንም።»

በሳምንቱ ማለዳ ቃሊቲ መናኸሪያ ደረስኩ። ዝዋይ፣ አሁን ባቱ የምትባለው፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ሞጆ ላይ የናዝሬቱን መንገድ ትተን ወደ ደቡብ ታጠፍን፤ ቆቃን አልፈን መቂ ስንደርስ ቲማቲምና ሽንኩርት በየዳሩ ተከምሯል። ከዚያ ግራሩና ሙቀቱ ይመጣል። ሚኒባሱ ውስጥ ጠያቂዎቹን ለመለየት ጊዜ አልፈጀብኝም። ስንቃቸውን ከላይ አይጭኑም፣ ጭናቸው ላይ ይዘውት ይሄዳሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ እናት፣ ሚስት፣ እህት። ከአንድ ሰው እስር ጋር የስንት ሴት ቅዳሜና እሑድ አብሮ እንደሚታሰር እዚህ ይታያል።

የዝዋይ ማረሚያ ቤት በአገር የሚታወቀው ስማቸው በተሰማ እስረኞች ነው፤ ጋዜጠኛው ተመስገን ደሳለኝ የ3 ዓመት ፍርዱን ጨርሶ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የወጣው ከዚሁ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች የልጆቻቸው ስም ግን የትም አይጻፍም። እነዚህ ሴቶች ለደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ፣ ለስንቁ፣ በዚያ ቀን ለቀረው ሥራ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹና ከጓደኞቹ ጋር የመገናኘት፣ እነሱም እንዲጎበኙት የማድረግ ዕድል እንዲኖረው ይደነግጋል። በ2015 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቃቸውና በማንዴላ ስም የሚጠሩት ደንቦች ደግሞ እስረኛ በተቻለ መጠን ለቤቱ ቅርብ በሆነ ቦታ እንዲታሰር ይላሉ። ማንዴላ ራሳቸው ሮበን ደሴት በገቡባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የሚፈቀድላቸው በ6 ወር አንድ ጠያቂ ነበር። ርቀት በፍርድ ወረቀት ላይ የማይጻፍ ቅጣት ነው፤ የሚቀበሉትም ምንም ያላጠፉ ሰዎች ናቸው። ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ያየሁት ባለሥልጣን የለም፤ ማውጣት ማውረድ ግን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

በሩ ላይ ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊቴ የነበረች ልጅ ወንድሟን ልትጠይቅ የመጣች ናት፤ ስሙንና የአባቷን ስም ተናገረች። «አያቱስ?» ሲሏት ቆመች። አያቷን ስማቸውን ጠርታ አታውቅም፤ በልጅነቷ «አባባ» ነበሩ፣ ከዚያም ሞቱ። ከኋላችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ የአገሯን ሰው ለማስታወስ መንደሯን፣ ቤተ ክርስቲያኑን እየጠየቁ ሲረዷት በመጨረሻ ከእናቷ መታወቂያ ላይ ያነበበችው ትዝ አላት፤ እሱ ግን የአባቷ አባት ሳይሆን የእናቷ አባት ስም ነበር። መዝጋቢዋ ፈገግ ሳትል፣ ሳትቆጣም፣ መዝገቡን በወንድሟና በአባቷ ስም ገልጣ አንድ በአንድ ፈለገችላት። አገኘችው።

የእኔ ተራ ሲደርስ ዳቦው በቢላ ለሁለት ተከፈለ፣ ውስጡ ታየ፣ ተመልሶ ተገጠመ። በሶው ውስጥ ማንኪያ እስከ ታች ገባ። «ቅመሰው» ተባልኩ፤ ቀመስኩ። ቆሎው ተዘርግፎ በእጅ ተበጠረ። እናትየዋ ያስያዙኝ ምክር ይህን ሁሉ ሳልደነግጥ እንዳልፍ አድርጎኛል።

ፀጉሩን ተላጭቶ መጣ። ሽማግሌዎቹ ነግረውታል ማለት ነው። ለታሰረ የሚባለውን «እግዜር ያስፈታህ» አቆይቼ «እግዜር ያጽናህ» አልኩት። በአጥሩ ማዶ ጥቂት አለቀሰ፤ ከዚያ «ማን ማን ቀበራት?» አለኝ። ያሰብኩት ወሬ ሁሉ ቀረና የቀብሯን ቀን እየጮህኩ ነገርኩት። እድሩ ድንኳኑን የት እንደተከለ፣ ከገጠር እነማን እንደመጡ፣ የንስሐ አባቷ እስከ መጨረሻው እንዳልተለዩዋት፣ የጎረቤታችን የሙስሊሞቹ ልጆች ውኃ ሲያመላልሱ እንደዋሉ፣ ከአያታችን ከባሏ ጎን እንዳረፈች። ሥፍራውን ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ከዋርካው በየት በኩል እንደሆነ ሳይቀር።

እሱም የራሱን ነገረኝ። ከጠዋት ቆጠራ በፊት ቀስቅሰውት፣ አንዱ እጁን ይዞት፣ አንድ ቀድሞ መምህር የነበሩ ሰው እንዳረዱት። ክፍሉ ሦስት ቀን ተቀመጠለት። ንፍሮ አልነበረም፤ ከየስንቃቸው ቆሎ አዋጥተው አንጥፈው ተቀመጡ። ስሙን እንኳን የማያውቀው ሰው ከሌላ ክፍል መጥቶ ለቅሶ ደርሶታል።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ነጠላ ጫማና የሒሳብ መጽሐፍ አዘዘኝ። ከዚያ «ለአርባዋ ዳቦ ይዘህ ትመጣለህ? አብረውኝ ለተቀመጡት» አለ። እሺ አልኩት።

ስወጣ ተረኛውን ፖሊስ ስንት ዳቦ ማስገባት እንደሚቻል ጠየቅሁት። ለምን እንደሆነ ነገርኩት። «ክፍሉ ስንት ሰው እንደሆነ አውቀህ አምጣ፤ እዚህ ግን ሁሉም ይቆረሳል» አለ። ለአርባዋ ዳቦ መቆረሱ እንደማይከፋ ነግሬው ወደ መናኸሪያው ሄድኩ።