ክኒኑን የማስቀምጥበት አልነበረኝም

«መድኃኒቱን ለምን አቋረጥሽ?» የሚለውን ጥያቄ ከብዙ ሐኪም ሰምቼዋለሁ። የኤችአይቪ መድኃኒቱን ጠልቼው አላውቅም። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ያረፈው ክኒኑ በገንዘብ ብቻ በሚገኝበት ዘመን ነው፤ በጥር 1997 ዓ.ም. በነጻ መታደል ሲጀመር እሱ አልደረሰበትም። ስለዚህ በቀን አንድ ክኒን መዋጥ ለእኔ ጸጋ ነበር። የቸገረኝ ማስቀመጫው ነው።

ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ከአገሬ ልጆች ጋር አንድ አፓርታማ ተጋርተን እንኖር ነበር። ክኒኖቹን ወደ ቫይታሚን ጠርሙስ ገልብጬ፣ ስራመድ እንዳይንኳኳ ጥጥ ጠቅጥቄበት፣ ከቦርሳዬ አላወጣውም። የምውጠው መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧ ከፍቼ ነው። አንድ ቀን ከፋርማሲ የተላከልኝ እሽግ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ በር ላይ ደረሰ፤ አንዷ የራሷ መስሏት ከፈተችው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። የቡና ሲኒዬ ግን ከሌሎቹ ተለይቶ መቀመጥ ጀመረ፤ የቤቱ ውል ሲታደስም ስሜ አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ አዳሬ መኪናዬ ውስጥ ሆነ። ቀን በየቤቱ አረጋውያንን እንከባከባለሁ፣ የእነሱን መድኃኒት በሰዓቱ እሰጣለሁ፤ ማታ የራሴን የምውጥበት ውኃ አጣለሁ። አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ መኪናዬ ተጎትታለች። መድኃኒቱ ውስጧ ነው፤ የማስለቀቂያው ክፍያ ደግሞ በየቀኑ ይጨምራል። ምትክ ለማግኘት ብደውል ኢንሹራንሱ «የሚሞላበት ጊዜ ገና ነው» አለኝ።

ክሊኒክ ውስጥ «አማርኛ አስተርጓሚ እንጥራልሽ?» ሲሉኝም እምቢ እል ነበር። የእኛ ሰው እዚህ ይተዋወቃል፤ ምስጢሬን በስልክ የምትሰማው ሴት እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ልትቆም ትችላለች። በእንግሊዝኛ ግማሹ እየገባኝ፣ ለሁሉም ራሴን እየነቀነቅሁ እወጣለሁ። ይህን የሚያነብ የሕክምና ባለሙያ ካለ፣ በሽተኛው አስተርጓሚ አልፈልግም ሲል ማንን እንደሚፈራ ይጠይቅልኝ።

ያለ መድኃኒት ስቆይ ደረቅ ሳል ጀመረኝ፤ ከዚያ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ሆስፒታል ስገባ የሰውነቴን የመከላከል አቅም የሚያሳየው የሲዲፎር ቁጥሬ ከ200 በታች ወርዶ ነበር። ሰውነት ሲደክም የሚያጠቃው ኒሞሲስቲስ የሚባለው የሳንባ ምች ይዞኛል። በኦክስጅን ስተነፍስ ከረምኩ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልናገርም።

ስለ መርፌው የሰማሁት ተኝቼ ሳለሁ ነው። ካቦቴግራቪር እና ሪልፒቪሪን የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ መቀመጫ ይወጋሉ፤ ከጡንቻው ቀስ በቀስ ወደ ደም እየገቡ በመጨረሻ በየሁለት ወሩ መወጋት ብቻ ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ የተፈቀደው ግን በክኒን ቫይረሱን አስቀድመው ለተቆጣጠሩ ሰዎች ነበር። ሐኪሙ «መጀመሪያ ክኒኑን በትክክል ውሰጂ፤ ቫይረሱ ሲወርድ መርፌውን እናስብበታለን» አለኝ። ክኒን ማስቀመጫ ያጣችውን ሴት በክኒን ራስሽን አስመስክሪ ማለቱ ነው።

የሐኪሙ ፍርሃት መሠረት አልነበረውም አልልም። መርፌው ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ታካሚው ቀጠሮውን ትቶ ከጠፋ፣ እየሳሳ የሚሄደው መድኃኒት ቫይረሱን ሳይገታ ያለማምደዋል። ነገር ግን ለዚህ የሚሆነው መፍትሔ ሰውየውን ተከታትሎ ማግኘት ነው። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ዋርድ 86 የተባለ የኤችአይቪ ክሊኒክ ያደረገው ይህንኑ ነው። ቤት የሌላቸውን፣ በሱስ የተያዙትን፣ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ እየተባዛ ያሉትን ጭምር ወጉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው ሪፖርታቸው፣ ቫይረሱን ሳይቆጣጠሩ መርፌውን ከጀመሩት 57 ሰዎች 54ቱ ተቆጣጥረውታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ የሕክምና መመሪያዎችም ክኒን መውሰድ ለማይሆንላቸው ሰዎች፣ እየታየ፣ በሩን ከፈቱ።

እኔን የተቀበለኝ ሌላ ክሊኒክ ነው። የጉበት ቢ ቫይረስ እንደሌለብኝ መረመሩ፤ እነዚህ መድኃኒቶች እሱን አያክሙትምና። አስተርጓሚ ከሌላ ክፍለ ሀገር በስልክ አገናኙኝ፤ ስሜን አልነገሯትም። ያኔ የሕመሜን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ፣ በሙሉ አፌ አወራሁ። ነርሷ ቀጠሮ ስታስታውሰኝ የምትልክልኝ መልእክት «ሻይ ደርሷል» የሚል ብቻ ነው፤ ስልኬን ያየ ሰው ምንም አያውቅም። ከቀጠሮው ሰባት ቀን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መወጋት ይቻላል፤ ስዘገይ ግን ዝም አይሉም፣ የማድርበት ድረስ መጥተው ይፈልጉኛል። መርፌው ያማል፤ ለጥቂት ቀን መቀመጥ ያስቸግራል። ያ ሕመም ከጠርሙሱ ጭንቀት ጋር አይወዳደርም።

ዛሬ ቫይረሱ በምርመራ አይታይም፤ እንዲህ ሆኖ ከዘለቀ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አይተላለፍም።

በዑጋንዳ፣ በኬንያና በደቡብ አፍሪካ በ512 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት መርፌው በአህጉራችንም እንደሚሠራ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ኪጋሊ ላይ ያወጣው ምክርም መርፌውን ለአገሮች ሁሉ ያቀርባል፤ እሱም ግን በክኒን ቫይረሱን ለተቆጣጠሩት ነው። ሪልፒቪሪን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ገጠር ላለ ጤና ጣቢያ ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም መርፌው አገር ቤት በስፋት የሚገባበት ቀን ሲደርስ፣ ከባሏ ደብቃ የምትውጠውን፣ አሠሪዋ ቤት ጠርሙስ ማስገባት የማትችለውን፣ ጎዳና የሚያድረውን ከሰልፉ መጨረሻ እንዳታስቀምጡብን እለምናለሁ።

አንቺም ክኒንሽን ደብቀሽ የምታነቢ እህቴ፣ እስከዚያ አታቋርጪ። የምታስቀምጪበት ካጣሽ ለነርስሽ ዛሬውኑ ንገሪያት።