ዐጀም ቁልፍ አይደለም

 

ስለ አደራ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ገንዘብን ነው። ዛሬ ስለ ጽሑፍ አደራ ላውጋችሁ።

አባቴ ከወሎ ወደ መተማ ዮሐንስ የወረደ የሰሊጥ ነጋዴ ነው። አስኳላ አልገባም፤ ቁርኣን ግን አኽትሟል። ስለዚህ የዱቤ መዝገቡን የሚጽፈው በዐጀም ነው፤ ፊደሉ የዐረብ፣ ቋንቋው አማርኛ። ከገላባት የሚሻገሩ ደንበኞቹ መዝገቡን ቢያዩ ፊደሉን ያነቡታል፣ ነገሩ ግን አይገባቸውም። ከወሎ የመጣው ጎረቤታችን ጮክ ብሎ ቢያነበው ግን የማን ዕዳ ስንት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። አባቴ ይህን ስለሚያውቅ መዝገቡን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ይይዛል።

እዚህ መጥቼ ቤዝ 64ን ስማር ያ መዝገብ ትዝ አለኝ። የድሮው ኢሜይል የተሠራው ተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንዲያሻግር ነበር፤ ለአንድ ፊደል 7 ቢት። ፎቶና ፕሮግራም ግን ባለ 8 ቢት ባይት ስለሆኑ እንዳሉ ሲላኩ መንገድ ላይ ይበላሹ ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. ዩዩኢንኮድ የተባለ ፕሮግራም ባይቶችን ወደ ተራ ፊደላት ለውጦ መላክን አመጣ። በ1992 ደግሞ ማይም የተባለው የኢሜይል ደንብ ቤዝ 64ን አስፋፋ።

አሠራሩ ቀላል ነው። 3 ባይት 24 ቢት ነው፤ በ6 በ6 ቢት ሲከፈል 4 ይሆናል። 6 ቢት 64 አማራጭ ስላለው ለእያንዳንዱ አንድ ምልክት ተመድቧል፦ 26 ትልልቅና 26 ትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ 10 አኃዞች፣ የመደመር ምልክትና እዝባር። የኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚይዝ ስሌቱ ልክ ይገጥማል፤ «ሰላም» 9 ባይት ነው፣ 12 ምልክት ሆኖ ይሄዳል።

የኛም ሰዎች ዩኒኮድ በ1999 የግእዝን ፊደል ከማካተቱ በፊት ተመሳሳይ ዘዴ ነበራቸው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት፣ በምህጻሩ ሴራ የሚባለው ሥርዓት አማርኛን በላቲን ፊደል ያሻግር ነበር። ትንሹ «ቲ» ት፣ ትልቁ «ቲ» ጥ ነው። መንገድ ላይ ትልቁ ወደ ትንሽ ከተለወጠ ጤፉ ቴፍ ሆኖ ይደርሳል።

ዋጋም አለው፤ መልእክቱ በሲሶ ያድጋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሳለ፣ አባቴ አንድ የመዝገቡን ገጽ እንዳሰላለት ፈለገ። ፎቶውን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ማስላክ ይቻል እንደሆነ አሰብኩ። 30 ኪሎባይት ፎቶ 40,960 ምልክት ይሆናል፤ ለ160 ሲካፈል 256 መልእክት! ጥሪ በሠራበት ቀን እህቴ ቁጥሮቹን አንብባ ነገረችኝ፤ አለቀ።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ቤዝ 64 ያሻግራል እንጂ አይደብቅም። ሰንጠረዡ ለዓለም የታወቀ ነው፤ ማንም ሰው በሰከንድ ይመልሰዋል። ባለፈው ሴሚስተር በጀመዓችን የሚረዱ ተማሪዎችን ስም ዝርዝር በቴሌግራም ለመላክ ስንመካከር አንድ ወንድም በቅንነት «ቤዝ 64 ብናደርገው ማንም አያነበውም» አለ። እኔም የአባቴን መዝገብ ነገርኩት፦ ይህ ዐጀም ነው፣ ሳጥኑስ የታለ? በመጨረሻ ፋይሉን በሚመሰጥር ፕሮግራም በይለፍ ቃል ቆለፍነው፤ የይለፍ ቃሉንም በአካል ተነጋገርን። አንዲት እህት የፎቶ ኮፒና የመሳፈሪያ ገንዘብ ከጀመዓው እንደምትወስድ ዶርሙ ሁሉ ቢያውቅባት፣ በሚቀጥለው ወር ቢቸግራትም አትመጣም።

ስለዚህ የሰው ስም፣ የስልክ ቁጥር ወይም የይለፍ ቃል በእጃችሁ ሲገባ፣ ለዓይን እንግዳ የሆነ ጽሑፍ አያታላችሁ። ለመመለስ ቁልፍ ይጠይቅ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልጠየቀ አልተቆለፈም።

አላህ አደራ ጠባቂዎች ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።