ከማዘርቦርዱ ጋር የተቃጠለው ቁልፍ

እኛ በአንድ የኪራይ ክፍል የምንኖር አራት ተማሪዎች ነን። ክፍሉ የአራታችን ነው፤ ድስቱም የአራታችን ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን በሕግ የአንዳችን፥ በሥራ የአራታችን ነበር። ገዝተው የላኩት የአንደኛው ጓደኛችን አባት ናቸው። ሻጩ «ዊንዶውሱ ኦሪጂናል ነው፤ ዋጋው የጨመረውም ስለዚሁ ነው» ብሏቸው ኖሮ፥ በስልክ በተገናኘን ቍጥር ይህንኑ ይደግሙልናል። በሽፋኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ምልክት እንኳ እንዳንልጣት አስጠንቅቀውናል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ማታ መብራት ጠፋ። እንደ ልማዳችን ሶኬቱን ሳንነቅል ሻማ ለኵሰን ወሬ ያዝን። መብራቱ ሲመለስ ቦግ ብሎ ከልክ በላይ ደመቀ፤ ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩን ብንጫነው፥ ብንነቅለው፥ ብንሰካው ዝም አለ።

በማግሥቱ ወደ ጠጋኝ ወሰድነው። «ማዘርቦርዱ ሄዷል፤ ሃርድ ዲስኩ ግን ደኅና ነው» አለን። ጽሑፎቻችን በሙሉ ስለ ተገኙ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ከምሳችን ቀንሰን አዋጣን፤ እርሱም የሌላ ፋብሪካ አሮጌ ማዘርቦርድ ገጠመልን። አሮጌው ዊንዶውስ በአዲሱ አካል ላይ አልነሣም ስላለ፥ ጽሑፎቻችንን ወደ ፍላሽ ገልብጦ እንደ ገና ጫነው። ይኸኔ ማሽኑ 25 ፊደልና አኃዝ ያለው ቁልፍ አምጡ አለን።

ምልክቷን አገላብጠን ብናይ ቍጥር የለባትም። ኋላ እንደ ተረዳነው፥ ዊንዶውስ 8 ከወጣበት ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ቁልፉን የሚያስቀምጡት በማዘርቦርዱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቁልፋችን በዚያች ሌሊት ከማዘርቦርዱ ጋር ተቃጥሎ ኖሯል።

ነገሩን ስንመረምር የባሰ አገኘን። ከዊንዶውስ ኤክስፒ፥ ማለት ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፥ ይህ ፕሮግራም የተጫነበትን ማሽን አካላት መዝግቦ ይይዛል። ሃርድ ዲስክ ወይም ሚሞሪ ቢለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ይታገሣል፤ ማዘርቦርዱ ከተለወጠ ግን ሌላ ኮምፒዩተር ነው ይላል። ፈቃዱም ሁለት ዐይነት ነው። ብቻውን በሱቅ የሚሸጠው ከአሮጌው ማሽን ከተነሣ ወደ ሌላ ይዛወራል፤ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተጭኖ የሚመጣው ግን ከዚያ አካል ጋር እስከ ሞት የተጋባ ነው። ፋብሪካው ራሱ በዋስትና የተበላሸውን ቢተካ ይፈቀዳል፤ ከገበያ የተገዛ አሮጌ ማዘርቦርድ ግን ይህን መብት አያገኝም። አባትየው የከፈሉበት ነገር ንብረት አልነበረም፤ ለአንድ ማዘርቦርድ ዕድሜ የተሰጠ ፈቃድ ነበር። ይህም ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በቀረበልን ውል ላይ ተጽፏል። ሳያነብ «እስማማለሁ» የሚለውን የተጫነው የሕግ ተማሪው ጓደኛችን ነው፤ እስከ ዛሬም እናነሣበታለን።

ጠጋኙ በጭንቀታችን ሣቀ። «እናንተ ልጆች፥ ይህ ምን ያሳስባል? በክራክ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።» እውነቱን ለመናገር ቁልፍ ባይገባም ማሽኑ ይሠራል፤ በማእዘኑ ላይ የወቀሳ ጽሑፍ ይለጥፋል እንጂ። ሆኖም ውሉን አሁን አንብበነዋል፤ ሳያነቡ መጣስና አንብቦ መጣስ አንድ አልሆነልንም። አዲስ ፈቃድ እንዳንገዛ ዋጋው ከወር ቀለባችን ይበልጣል፤ ክፍያውም የውጭ ምንዛሪ ካርድ ይጠይቃል። ሦስታችን ወደ ክራኩ አዘነበልን። ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ሳለን ያለ ጸጸት ተጠቅመንበታልና ጻድቅ ለመምሰል አንሞክርም።

አልሆንም ያለው የሶሻል ወርክ ተማሪው ነበር። ለጽሑፉ ያነጋገራቸው ሰዎች የቤታቸውን ገመና ነግረውታል፤ ቃላቸውም ሁሉ በዚያ ፍላሽ ላይ ነው። ክራኩን ለመጫን ደግሞ አስቀድሞ አንቲቫይረሱን ማጥፋት ያስፈልጋል። «ዘበኛውን አሰናብቶ የማያውቁትን ሰው እልፍኝ ማስገባት ነው» አለ። «የእኔ ብቻ ቢሆን ግድ የለኝም፤ ይህ ግን የሰው አደራ ነው።» እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን፤ ክፉ ቃልም ተለዋወጥን። በመጨረሻ መልስ ስላጣንለት ዝም አልን።

በማግሥቱ አንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ በፍላሽ አመጣልን። ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ያን ጊዜ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ እንደ እኛ ማለት ነው፥ በዕድሜ ብቻ! በ1992 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ስቶልማን ባዘጋጀው ፈቃድ ሥር አወጣው። ያ ፈቃድ በስንት ማሽን ላይ ጫናችሁት፥ ማዘርቦርዱስ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ገልብጦ ለጎረቤት መስጠትንም ይፈቅዳል።

ነጻ ነው ማለት ግን ድካም የለውም ማለት አይደለም። የግርጌ ማስታወሻዎቻችን ተዘበራረቁ፤ ሠንጠረዦቹ ከገጽ ወጡ፤ ማተሚያውን ለማስማማት አንድ ቀን አለቀ። ሁለት ሌሊት ሳንተኛ አስተካክለን በቀኑ አስረከብን።

በዚያው ሳምንት አባትየው ደወሉ።

«ልጄ፥ ያ ዕቃ ዳነ ወይ?»

«ድኗል፥ አባባ።»

«ኦሪጂናሉስ? አልነኩብህም?»

ጓደኛችን ወደ እኛ ተመለከተ፤ እኛም ወደ ምድር ተመለከትን። ከዚያ ዐይኑን ወደ ሽፋኑ መለሰና፥ «ምልክቷ እንዳለች ናት፥ አባባ፤ አልተላጠችም» አላቸው።