ጉለሌ ሄደን ያላበረርናት ሄሊኮፕተር

ቅዳሜ ጠዋት ልጅዎ በሪሞት የምትበረውን ሄሊኮፕተር ታቅፎ «ዛሬ እናብርራት» ካለዎት፣ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ይውሰዱት፤ ለማብረር ግን አይደለም። 705 ሄክታሩ የዛፍና የወፍ ነው፤ ያለ ፈቃድ እዚያ ምንም አይበርም። ይህን መኪና ውስጥ ሳላችሁ ይንገሩት። እኔ በሩ ላይ ደርሼ ተናግሬ የተከተለኝን ኩርፊያ እስካሁን አልረሳሁትም።

ከጥዱ ጥላ ሥር ጨርቅ አንጥፉ። በቅድሚያ የዋናውን ሞተር ሽቦ ይንቀሉ፤ ክንፉ ጣት ይቆርጣል። ከዚያ ሪሞቱን ከፍተው እጀታውን መሃል ላይ ያድርጉ። ሰርቮ የሚባሉት ትንንሽ ሞተሮች ክንድ አላቸው፤ ክንዱና ማገናኛ ዘንጉ 90 ዲግሪ ካልሠሩ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሰጡት ትእዛዝ እኩል አይሆንም። ዘንጎቹን እያዞሩ ያሳጥሩ፣ ያስረዝሙ፤ ከክንፉ ሥር ያለችው ክብ ሳህን፣ ስዋሽፕሌት የምትባለው፣ ዝንፍ ሳትል እስክትተኛ። የዘንጉ ጫፍ ኳሱ ላይ በጣት ሲነካ ልል ሆኖ መዞር አለበት፤ ከያዘ ሰርቮው ይግላል።

አሁን ዙሪያዎን ይመልከቱ። ከ2,500 ሜትር በላይ ነዎት፤ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያሳጠረዎት ስስ አየር ለክንፉም ስስ ነው፤ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ መመሪያው ካዘዘው የክንፍ ዘንበል ጥቂት ይጨምሩ፤ እጀታው ጫፍ ሲደርስ ግን ዘንጎቹ እንዳይጋጩ ያረጋግጡ።

እጀታውን ለልጅዎ ይስጡት። ክንዶቹ አብረው ሲነሱ ያያል። ምሳ ያን ጊዜ ይቅረብ።